ፐብ ደጃፍ ላይ ቆመሽ አትመለሺ

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኤድንብራ ከመጣሁ 5 ወሬ ነው። ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ወደቡ ሰፈር፣ ሊዝ ነው። ሕይወቴ ከሆስፒታል ቤት፣ ከቤት ሆስፒታል ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ፣ ወንድሜ ከዋሽንግተን ሊጎበኙኝ ይመጣሉ። የሚቆዩት 4 ቀን ነው። እናቴ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። መጠጥ ቤት የሚባል ነገር ስሙንም መስማት አትወድም። ወንድሜ ደግሞ "ስኮትላንድ መጥቼ ፐብ ሳልገባ አልመለስም" ብሏል። እኔ ሁለት ጊዜ ፐብ ደጃፍ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሴት ልጅ ብቻዋን ትገባለች ወይ? አልጠጣም፤ ገብቼስ ምን እላለሁ? የት ልውሰዳቸው? የት እንብላ? ከተማውን እኔም አላውቀውም። ይህን ለእናቴ መናገር ደግሞ ያሳፍረኛል።
እህትዎ ከሊዝ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልቤ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ነገር ናት። "ከተማውን እኔም አላውቀውም።" ተራ በተራ ሌሊት የምትሠራ ነርስ በ5 ወር ከተማ ባታውቅ ምን ያሳፍራል? እኔ እዚህ 14 ዓመት ኖሬያለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት የማውቀው የአውቶቡስ ፌርማታዬንና ሱፐርማርኬቱን ነበር። እንግዶችሽ እስኪመጡ ጊዜ አለሽ። ስለዚህ አስቀድሜ የምጽፈው ላንቺ ነው። እናትሽንና ወንድምሽን የት እንደምትወስጂያቸው ከዚያ ውስጥ ይወጣል። እንግዳ የሚደሰተው አስጎብኚው የሚወደውን ቦታ ሲያሳየው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንቺ የምትወጂው ቦታ ይኑርሽ።

ከፐቡ እንጀምር። "መጠጥ ቤት" ስንል በዓይናችን የሚመጣው ሥዕልና እዚህ ያለው ፐብ አንድ አይደሉም። እዚህ የሰው ቤት ጠባብ ነው። ክረምቱ ጨለማ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰው ሞቅ ያለ ክፍል፣ መብራትና የሌላ ሰው ድምፅ ይፈልጋል። ፐብ ያ ክፍል ነው። አንዱ ጥግ ላይ ሽማግሌ ጋዜጣውን ዘርግቶ ታያለሽ። ሌላው ጥግ ላይ ሴት ልጅ መጽሐፍ ይዛ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጠረጴዛ ሥር ውሻ ተኝቷል። የሚጠጣ አለ፤ የሰከረም አይጠፋም፤ በተለይ ቅዳሜ ማታ መሀል ከተማ። ቀን በቀን ግን ፐብ የሰፈር ሳሎን ነው። አዎ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ትገባለች። ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

ምናልባት ደጃፉ ላይ ያቆመሽ ሥርዓቱን አለማወቅ ይሆናል። ሥርዓቱ ይኸው። በሩን ገፍተሽ ግቢ። አስተናጋጅ ወደ አንቺ አይመጣም፤ ቁጭ ብለሽ ብትጠብቂ እስኪመሽ ትጠብቂያለሽ። ቀጥ ብለሽ ወደ ባንኮኒው ሂጂ። ሰልፍ ያለ አይመስልም፤ ግን ማን ከማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ቀጂውም ያውቀዋል። ዓይን ለዓይን ስትተያዩ እዘዢ፣ እዚያው ክፈዪ፣ ብርጭቆሽን ይዘሽ የፈለግሽበት ተቀመጪ። ባንኮኒ ላይ ጉርሻ አይጠበቅም። ይህን ለወንድምሽም ንገሪው፤ የአሜሪካ ልማድ ይዞ በየብርጭቆው ዶላር ሊያስቀምጥ ይችላል። ምን ትጠጫለሽ? "ላይም ኤንድ ሶዳ" በይ። የሎሚ ሽሮፕ በጋዝ ውኃ ነው፤ ከሁሉም ይረክሳል፤ ማንም አይገረምም። ብርቱካናማውን የስኮትላንድ ለስላሳ፣ አይረን ብሩን ማዘዝም ይቻላል። በጣም ይጣፍጣል፤ ለእኔ ይበዛብኛል። ብዙ ቦታ ሻይም አለ።

የመጀመሪያው ፐብሽ ሳንዲ ቤልስ ይሁን። ፎረስት ሮድ ላይ፣ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ ነው። ጠባብ ነው፤ የእንጨት ባንኮኒው የክፍሉን ርዝመት ይዞ ይሄዳል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ሂጂ። ከጀርባ ባለው ጥግ፣ መድረክ በሌለበት፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰዎች ቫዮሊን፣ ዋሽንትና አኮርዲዮን ይዘው ይቀመጣሉ። ቀጥሮ ያመጣቸው ቡድን እንዳይመስልሽ፤ የመጣ ሁሉ ወንበር ስቦ ይገባል። አንዱ ዜማ ይጀምራል፤ ሌሎቹ እየሰሙ አንድ በአንድ ይቀላቀላሉ። እግራቸው ወለሉን ሲመታ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቢራ ይንቀጠቀጣል። አንድ ክረምት ከሰዓት ላይ እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ሴት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ያለምንም መሣሪያ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጂው ቢራ የሚቀዳበትን እጁን አቆመ። ከቃሉ ግማሹ አልገባኝም፤ ስኮትስ በሚባለው በአገሬው ቋንቋ ነበር። ግን ቤተሰቤን ቀብሬ የመጣሁ ያህል እንባዬ መጣ። ያን ቀን ነው ይህ ከተማ ሰው እንዳለው የገባኝ።

አዝማሪ ቤት የለመደ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። እዚህ ማንም መጥቶ ስምሽን አንስቶ አይዘፍንልሽም። ግንባር ላይ ብር መለጠፍም የለም። ሲጨርሱ ማጨብጨብ በቂ ነው። በጨዋታው መሀል ጮክ ብሎ ማውራት ግን ነውር ነው። ወንድምሽ ይህን ቦታ ይወደዋል። ግን ከእሱ በፊት አንቺ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂጂ። በሦስተኛው ቀን ቀጂው ያንን የሎሚ ሶዳሽን ሳትጠይቂው መቅዳት ይጀምርልሻል።

አሁን ስለ እግር ጉዞ። የምትኖሪው ሊዝ ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ። "ዎተር ኦፍ ሊዝ" የሚባለው ትንሽ ወንዝ ደጅሽ ላይ ነው ባሕር የሚገባው። ከሾር፣ ማለትም ከወንዙ አፍ ካሉት ምግብ ቤቶች አጠገብ ተነሽና ወንዙን ተከትለሽ ወደ ላይ ሂጂ። መንገዱ በሙሉ ከባለርኖ እስከ ሊዝ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንቺ ግን ስቶክብሪጅ፣ ከዚያም ዲን ቪሌጅ ድረስ ብትሄጂ ይበቃል። ቀስ ብለሽ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። ከተማው ከራስሽ በላይ ነው፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ትሰሚዋለሽ፤ አንቺ ግን ዛፍ ሥር ነሽ። ውኃው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ራቁቱን የሆነ ሰው ታያለሽ። አትደንግጪ፤ የቀራፂው አንቶኒ ጎርምሊ ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዘመናዊ ጥበብ ሙዚየሙ እስከ ሊዝ ወደብ ድረስ 6 አቁሟል። ከሐውልቱ ጎን እግረ ረጅሙ ግራጫ የውኃ ወፍ ቆሞ ካገኘሽ ደግሞ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም፤ ማን ሕይወት እንዳለው እስክትለዪ ትቆሚያለሽ።

ዲን ቪሌጅ ስትደርሺ ቀና በዪ። ቶማስ ቴልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1831 ያስጨረሰው ድልድይ ከላይሽ ያልፋል። ከሥሩ የድሮ የወፍጮ ሰፈር ነው። ዛሬ ፎቶ አንሺ ይበዛበታል፤ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ነውና በሰው መስኮት ሥር ሳትቆዪ እለፊ። ስቶክብሪጅ እሑድ ቀን ገበያ አለው። ያ ቀን ከሆነ እዚያ ብዪ። ከዚያ ትንሽ ዞር ስትዪ የእጽዋት መናፈሻው አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከሌሊት ተራ ወጥተሽ እንቅልፍ እምቢ ያለሽ ጠዋት እዚያ ሄደሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ከየትኛውም መድኃኒት የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ነገር ነው።

ነሐሴን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፍልሰታ የሚውለው እዚህ ትልቁ ፌስቲቫል በሚካሄድበት ወር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በየዓመቱ ከተማው በቲያትርና በሙዚቃ ይጥለቀለቃል። አልጋ ይወደዳል፤ ሮያል ማይል በሚባለው የድሮው ከተማ ዋና መንገድ ላይ እኩለ ቀን መራመድ አይቻልም። ወንድምሽ ሆቴል የሚይዝ ከሆነ ዛሬውኑ ይያዝ። ኤድንብራ ካስል የሚባለውን ግንብና የድሮውን ከተማ ጠዋት በማለዳ አሳያቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሮያል ማይል ባዶ ነው፤ ድንጋዩ ገና እርጥብ ነው። "ክሎዝ" የሚባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ገብታችሁ ብትወጡ ድምፃችሁ ይሰማችኋል። እናትሽም በባዶ ሆዳቸው ብዙ አይደክሙም። ደግሞ አስጠንቅቂያቸው። ከእሑድ፣ ከስቅለትና ከገና ቀን በቀር በየቀኑ በእኛ 7 ሰዓት ላይ ከግንቡ መድፍ ይተኮሳል። እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ ለመርከበኞች ሰዓት መናገሪያ ነበር። የማያውቅ ሰው ልቡ ይወድቃል።

ወንድምሽን አርተርስ ሲት ላይ አውጪው። መሀል ከተማ የተቀመጠ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታው 251 ሜትር። እንጦጦ ለወጣ ሰው ምንም አይደለም። ነፋሱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ ቆመሽ ማውራት አትችዪም። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ የላይኛው ድንጋይ በሰው እግር ተልጦ ለስልሷል። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ከሥሩ ያለውን ሜዳ አሳዪው። ሆሊሩድ መናፈሻ ነው። መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በእኛ ሚሊኒየም ዓመት፣ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚህ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ ሩጫው ገና እንደተጀመረ ጫማው ወለቀበት። ቆሞ አጠለቀው። ከዚያ ከኋላ ተነሥቶ ሁሉንም አልፎ ለስድስተኛ ጊዜ የረጅሙን ርቀት ወርቅ ወሰደ። በሴቶች ጥሩነሽ ዲባባ፣ በወጣቶች ኢብራሂም ጄይላንና ገንዘቤ ዲባባ አሸነፉ። በዚያ ቀን የነበሩት አራቱም የግል ወርቆች ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። ይህን ሜዳ ሳልፍ ሁልጊዜ ፍጥነቴን እጨምራለሁ። ወንድምሽም ይጨምራል።

እናትሽ በዚህ ሰዓት አይውጡ። ከተራራው ሥር ሴንት ማርጋሬትስ የሚባል ኩሬ አለ፤ ዳክዬና ስዋን የሞላበት። አግዳሚ ወንበር አለ፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ከኩሬው በላይ ድንጋዩ ላይ በቅዱስ አንቶኒ ስም የተሠራ የፈረሰ ጸሎት ቤት ይታያል። ዳዊታቸውን ይዘው ቢቀመጡ ከአርተርስ ሲት ይልቅ ይህ ይሻላቸዋል። እናንተ በተራራው ጀርባ ወርዳችሁ ዳዲንግስተን መንደር ስትገቡ፣ እሳቸው በታክሲ ዞረው ይድረሱባችሁ።

ዳዲንግስተን ለሦስታችሁም የሚሆን ቦታ ስለሆነ እዚህ ልቆይ። መንደሩ ከተማው ውስጥ ነው፤ ግን ገጠር ይመስላል። ሺፕ ሄይድ ኢን የሚባል ፐብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1360 ጀምሮ እዚህ ቦታ ነበር ይባላል። ከጀርባው ከእንጨት የተሠሩ ምሰሶዎችን በኳስ የመጣል ጨዋታ አለ፤ የቦውሊንግ አያት በዪው። ወንድምሽ እዚያ ሰዓታት ያጠፋል። ምግብ የሚበላበት፣ ቤተሰብ ልጅ ይዞ የሚገባበት ቤት ነው። እናትሽ ከገቡ መጠጥ ቤት መሆኑን የሚነግራቸው ሽታ አያገኙም። ግን አታስገድጂያቸው። ከፐቡ በጥቂት ደቂቃ ርቀት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን፣ ኩሬው ዳር ዶክተር ኒልስ ጋርደን የሚባል አትክልት ቦታ አለ። ባልና ሚስት የነበሩ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 ድንጋያማ መሬት ላይ ጀመሩት። ታካሚዎቻቸውን ጋብዘው አብረዋቸው አፈር ይቆፍሩ ነበር፤ ሰው ከአልጋ ተነሥቶ አፈር ሲነካ ይሻለዋል ብለው። ነርስ ስለሆንሽ ይህን ቦታ አንቺም ትወጂዋለሽ። እናትሽን እዚያ አስቀምጫቸው። ምናልባት ከአንድ ሰዓት በኋላ "ያ ቤት ሻይ አለው?" ይሉሻል። አለው።

ምግብ ላይ ስንመጣ ዋናው ችግርሽ ሰዓቱ ነው። እናትሽ በእኛ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚፈቱት። ልክ በዚያ ሰዓት ብዙ ሬስቶራንቶች የምሳ ወጥ ቤታቸውን ዘግተው እስከ 11 ሰዓት ድረስ ምግብ አያወጡም። ቀኑን ሙሉ የጾሙ እናት ይዘሽ ከበር በር መዞር ያሳዝናል፤ እኔ ደርሶብኝ ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ምግብ የሚሰጡትን አስቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ።

ለጾም የምመክርሽ ኒኮልሰን ስኩዌር አካባቢ ያለውን ሞስክ ኪችን ነው። ስሙ እንደሚናገረው በመስጊዱ ጎን የተጀመረ የእስያ ምግብ ቤት ነው። መጠጥ የለም፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ድምቀት የለውም። የምስሩ ወጥ ለእናትሽ እንግዳ አይሆንባቸውም። የአትክልት ካሪም አለ። ግን የነጠረ ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቂ፤ "ቪገን ነው?" (ከእንስሳ የተገኘ ምንም የለበትም ወይ) ብለሽ ብትጠይቂ ቶሎ ይገባቸዋል። ጾም ብለሽ ካስረዳሽ ዶሮ ሥጋ የማይባል መስሏቸው የሚያመጡ አሉ። እሳቸው ቤት ገብተው ጋደም ካሉ በኋላ ወንድምሽን ኢንፈርመሪ ስትሪት ላይ ያለው ማዘር ኢንዲያስ ካፌ ውሰጂው። ትንንሽ ሳህን እያዘዛችሁ መሀል ላይ አስቀምጣችሁ የምትበሉበት ነው። እንደ እኛ ከአንድ ማዕድ መብላት ለለመደ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ይስማማል። ሲጨርስ በዚያው መንገድ ላይ ሮያል ኦክ የሚባል ሚጢጢ የሙዚቃ ፐብ አለ።

ሃጊስን ሳላነሣ ባልፍ ወንድምሽ ይቀየመኛል። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ተደባልቆ፣ ድሮ በጨጓራ ውስጥ ተቋጥሮ የሚቀቀል ነው። እንግሊዞቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ዱለት በልቶ ያደገ ሰው ግን ምን አስጨነቀው? ቁንዶ በርበሬው ጠንከር ያለ ነው። ከተፈጨ ድንችና ከተፈጨ ቢጫ ሥራ ሥር ጋር ይቀርባል። እናትሽስ? ሥጋ የሌለበት ሃጊስ አለ። ማክስዊን የሚባለው የኤድንብራ ሥጋ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ጀምሮታል። ምስር፣ ቦሎቄ፣ አጃና ካሮት ነው፤ ብዙ ፐቦች ያቀርቡታል። ድንቹ ላይ ቅቤ እንዳይገባ ብቻ አስጠንቅቂ። ያለ ቀልድ ነው የምልሽ፣ ከአዋዜ ጋር ሲበላ እኔ ዋናውን እተውለታለሁ። አዋዜ ሻንጣቸው ውስጥ እንደማይጠፋ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ።

አሳ በድንች ጥብስ የግድ ነው፤ በተለይ ማታ ላይ ከፐብ ሲወጣ። እዚህ ከተማ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ ወረቀቱን ከመጠቅለሉ በፊት ቀና ብሎ "ሶልት ኤን ሶስ?" ይልሻል። አዎ በዪ። ቀጠን ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ኮምጣጣ ሶስ ነው። ጠርሙሱን ገልብጦ ያርከፈክፈዋል። ወረቀቱ ይርሳል፤ እንፋሎቱ አፍንጫሽን ይነካዋል፤ ጣትሽ ይቃጠላል። ግላስጎው ብትሄጂ ጨውና ኮምጣጤ ብቻ ነው፤ ሶሱ የኤድንብራ ነው። ሁለቱ ከተሞች በዚህ ይከራከራሉ፤ እኔ ከሶሱ ጎን ነኝ። ለእናትሽ ግን ተጠንቀቂ። ብዙ ቤቶች ድንቹን የሚጠብሱት በበሬ ጮማ ነው። "በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት?" ብለሽ ጠይቂ። የዓሣው ነገር የእናትሽና የነፍስ አባታቸው ጉዳይ ነው፤ እኔ አልገባበትም።

ቱሪስት በሚበዛበት መንገድ ላይ በር ላይ ቆሞ የሚጠራሽ ምግብ ቤት ካለ እለፊው። እኔ የመጀመሪያ እንግዳዬን እንዲህ ያለ ቤት ወስጄ፣ ቀዝቃዛ ሾርባ በውድ ከፍዬ አፍሬ ወጥቻለሁ።

ዊስኪውን ለወንድምሽ ባጭሩ። ዌስት ቦው ላይ ቦው ባር አለ። ሙዚቃ የለም፤ ቴሌቪዥን የለም፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ዊስኪ ነው። ስም መርጦ ከሚያዝ "ጭስ ያለው ነው የምወደው" ወይም "ለስላሳ" ይበላቸው፤ እነሱ ይመርጡለታል። ጥቂት ጠብታ ውኃ ይጨመራል፤ ውኃው እዚያው በነፃ ይሰጣል። የሚያምር ቤት ማየት ከፈለገ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቀው ካፌ ሮያል ይግባ። እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ ያለ ሕንፃ ነው፤ ግድግዳው ላይ ጄምስ ዋትና ማይክል ፋራዴይን የመሳሰሉ ፈልሳፊዎች በሸክላ ሰሌዳ ላይ ተሥለዋል። ነሐሴ ላይ ስለሚጨናነቅ ከምሳ በፊት ይሂድ። ከሰው ጋር ከተቀመጠ ዙር የሚባል ነገር አለ። አንዱ ለሁሉም ይገዛል፤ ቀጥሎ ሌላው። እኛ "እኔ ልክፈል፣ በሞቴ" ብለን የምንታገለውን እነሱ በተራ አድርገውታል። ተራው ሲደርስ መነሣት አለበት፤ ቀድሞ መውጣት አያምርም።

ባሕር ደግሞ አለ። እናትሽ ባሕር አይተው ያውቃሉ? ካላዩ 26 ቁጥር አውቶቡስ ያዙና ፖርቶቤሎ ሂዱ። ካርድሽን ብቻ ነካ አድርጊ፤ በቀን ስንት ጊዜ ብትሳፈሪ ሒሳቡ ከተወሰነ መጠን አያልፍም። ረጅም አሸዋ ነው፤ ጎኑን ይዞ ሜዳ መንገድ አለ። ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ይቁሙ። ውኃው ነሐሴም ቢሆን በረዶ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይበቃል። 41 ቁጥር ደግሞ ክራመንድ ያደርሳል። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር የሚኬድበት ደሴት አለ። ውኃው ሲመለስ መንገዱ ይሰጥማል። በየዓመቱ እዚያ ቀርተው በነፍስ አድን ጀልባ የሚወጡ ሰዎች አሉ። መነሻው ላይ ያለውን የሰዓት ሰሌዳ ሳታነቢ አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ። ከውኃው ዝቅተኛ ሰዓት ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚቻለው። እናትሽን አትውሰጂ፤ ለሌላ ጊዜ አንቺና ወንድምሽ ሂዱ።

አንድ ቦታ ቀረኝ። ፕሪንስስ ስትሪት ምዕራብ ጫፍ፣ የሎዚያን ሮድ ማዕዘን ላይ ሴንት ጆንስ የሚባል የኤፒስኮፓል፣ ማለትም የስኮትላንድ አንግሊካን፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁልጊዜ የምታልፊው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦታት አንዱ ወደዚህ መጥቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አገኙት፤ ምን እንደሆነም አወቁ። ማስረከብ አለብን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 እዚሁ ሥርዓት ተደርጎ ተመለሰ። አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በዕልልታ መንገድ ዘግቶ ተቀበለው። እናትሽ ያንን ቀን ያስታውሱት ይሆናል። ታቦቱ የመጣው ከየት እንደነበር ግን ምናልባት አያውቁም።

ለዚህ ቦታ የመጨረሻውን ቀን ጠዋት ስጪው። አስቀድመሽ አንቺ ሄደሽ መቼ ክፍት እንደሚሆን እዪ። ውስጥ ግቡና ተቀመጡ። አታስረጃቸው፤ ከተቀመጡ በኋላ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። የቀረውን እሳቸው ያውቁበታል።

ስትደውዪላቸው ነጠላቸውን ብቻ ሳይሆን ጋቢም ይዘው እንዲመጡ ንገሪያቸው። ነሐሴ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ ያ ነፋስ ወር አይመርጥም።